እታፈራሁ ጓሮዋን ለእንግዳ የከፈተች ዕለት

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሮቢንስዴል ውስጥ እታፈራሁ በምትኖርበት መንገድ ላይ ሰው አስራ አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቃት በመኪናዋ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ አረጋውያን መኖሪያው ሥራዋ ስትሄድ የምታስነሳትን፣ እንደ ጉንፋናም ሰው የምታስለውን ግራጫ ቶዮታ የማያውቅ የለም። የመኪናዋን ባለቤት ስሟን ጠርቶ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሰላምታ ተጓድሎባት አይደለም፤ የሚኒሶታ ሰው በፈገግታ አይታማም። እጁን ያወዛውዛል፣ "ሃይ!" ይላል፣ ስለ አየሩ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል፣ ከዚያ ጋራዡን ዘግቶ ይገባል። በቃ። እታፈራሁ ደግሞ ሰው ካልገባ ካልወጣበት ቤቱ ቤት የማይመስላት ሴት ናት።

ባሏ ሳህሉ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ቤቱን ሲገዙ ከሁሉ አብልጦ የወደደው የጓሮውን ሣር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጭደውና ቆሞ ያየዋል። እታፈራሁ በመጀመሪያው ዓመት ለቃሪያ የምትሆን አንዲት ጥግ ለመነችው፤ ሰጣት። በዓመቱ ለጎመን ሌላ ጥግ ለመነችው። በአምስተኛው ዓመት ሳህሉ የሣር ማጨጃውን ለጓደኛው ሰጥቶ ተገላገለ። ከዚያ ወዲህ ጓሮው ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ቃሪያ ብቻ ሆነ። መጋቢት ላይ፣ ውጪው ገና በረዶ ሳለ፣ የምግብ ጠረጴዛቸው በችግኝ ስለሚሞላ ቤተሰቡ እስከ ግንቦት ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላል።

በሰፈሩ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የአትክልት ጉብኝት አለ። ዘጠኝ ቤቶች ግቢያቸውን ይከፍታሉ፤ ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ካርታ ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ገቢው ለችግረኞች ምግብ ማደያ ይውላል። ጉብኝቱን የምትመራው አጥር የምትጋራት ማርሊስ ናት፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ጽጌረዳዎቿን አንድ በአንድ በስማቸው የምትጠራ። እታፈራሁ ሁለት ዓመት አመለከተች። ሁለቱንም ጊዜ ማርሊስ ፈገግ ብላ መለሰቻት፤ "ጓሮሽ በጣም ደስ ይላል። ግን ሰዉ የሚመጣው አበባ ለማየት ነው።"

ዘንድሮ አንደኛው ቤት ጣሪያው በበረዶ ተመትቶ ግቢው በሠራተኛ ስለተሞላ ቦታ ተገኘ። "ለዘንድሮ ብቻ፣ በምትክነት" አለቻት ማርሊስ። "ጎብኚዎቹ የአስተያየት መዝገቡ ላይ ጥሩ ጥሩ ከጻፉልሽ ለከርሞ እናያለን።"

"ለከርሞ" የምትለዋ ቃል እታፈራሁ ልብ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ምትክ ሆና ሳይሆን በራሷ ስም፣ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ዝርዝሩ ላይ መግባት ፈለገች። የሰው አገር ሰው መሆን ሰልችቷታል። ሦስት ሳምንት አረም ስትነቅል ከረመች።

በዕለቱ ነርሲንግ የምትማረው ልጇ ሮሆቦት መዝገቡን ከበሩ አጠገብ አስቀምጣላት፣ እስከ ሰባት ሰዓት ወደ ሥራ ሄደች። አራት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያዎቹ እንግዶች፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት፣ ገቡ። ሴትየዋ ጎመኑ ፊት ቆማ፣ ደረቷን በእጇ ይዛ፣ "አይ ላቭ ኢት!" አለች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እታፈራሁ ባደገችበት ወግ፣ እንግዳ የቤትሽን ዕቃ አይቶ እንዲህ ካደነቀ "ይውሰዱት" ይባላል፤ ዝም ማለት ንፉግነት ነው። የሚኒሶታ ሰው ደግሞ ያየውን ሁሉ ያደንቃል።

"ይውሰዱት" አለች እታፈራሁ።

"ኖ፣ ኖ፣ ኖ!" አለች ሴትየዋ።

እታፈራሁ አካፋዋን አነሳች። "በሞቴ!" አለች፣ እንግሊዝኛው ስላልመጣላት በአማርኛ። ሴትየዋ እንደገና እምቢ አለች። በሦስተኛው ግን "እንግዲህ ካላስቸገርኩሽ..." ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። የእታፈራሁ ልብ በደስታ ሞላ። እነዚህ ሰዎች ለካ ይሉኝታ ያውቃሉ! ይሄን ሁሉ ዘመን ቀዝቃዛ የመሰሏት ለካ አጥብቃ ለምናቸው ስለማታውቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። አንዱ ቃሪያውን አደነቀ፤ ከነሥሩ ተነቀለለት። አንዷ ጤና አዳሙን አሽትታ ዓይኗን ጨፈነች፤ በባልዲ ታቀፈች። ፌስታል ሲያልቅ የሳህሉ የጫማ ካርቶኖች ወጡ። ሳቅና ምስጋና ሆነ። የምትሰጠውን ሁሉ እንዴት እንደሚሠራም አብራ አስተማረች፤ ጎመኑ በነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላው በሽሮ። ሽሮ ምን እንደሆነ ማስረዳት ብቻውን ሩብ ሰዓት ፈጀ።

ሮሆቦት ሰባት ሰዓት ላይ ተመለሰች።

"ማሚ! ዌር ኢዝ ዘ ጋርደን?"

"ወደዱት እኮ!" አለች እታፈራሁ፤ ይህን ስትል ነው ራሷም ዞር ብላ ያየችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሰው ፊት እንጂ መሬቱን አላየችም ነበር። ጓሮው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ጥግ ላይ አንድ የተረገጠ ኮሰረት ቀርቷል። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ከአፕል ቫሊ ከተማ የአትክልተኞች ማኅበር ሃያ ሴቶች በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ይዛቸው የምትዞረው ማርሊስ ራሷ ናት። "አለቀልኝ" አለች እታፈራሁ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ። "ለከርሞ ድርሽ አልልም።"

"ዊ ካን ክሎዝ ዘ ጌት" አለች ሮሆቦት።

"እንግዳ እየመጣብኝ በር ልዝጋ? አበድሽ እንዴ?"

ማርሊስ መጣች። ኮፍያዋ ተጣሟል፣ ጉንጯ ቀልቷል። ሃያዎቹ ሴቶች ከኋላዋ ተሰልፈው ገቡና ጉድጓዶቹ ዳር ቆሙ።

"ወደዱት" አለች እታፈራሁ። "ሰጠኋቸው።"

"አውቃለሁ!" ብላ ጮኸች ማርሊስ። "እንዴት አላውቅ! ከጠዋት ጀምሮ ግቢዬ የሚገባው ሰው ሁሉ ጎመን ታቅፎ ነው! አፈሩን መንገዴ ላይ ያራግፈዋል። ሃያ ዓመት ያሳደግሁት ጽጌረዳ ፊት ቆሞ የሚጠይቀኝ የጎመን አሠራር ነው፤ እኔ ምን አውቄ! ያላገኘው ደግሞ ካርታውን ገልብጦ ወደ አንቺ ይሮጣል። ሌሎቹ ሰባት ቤቶች ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ዝንብ ያባርራሉ!"

የአፕል ቫሊ ሴቶች ጫማ ጫማቸውን አዩ። ማርሊስ ግን አልበቃትም።

"ለከርሞ የመጨረሻ ቤት ነው የማደርግሽ፤ ሰምተሻል? ሰዉ መጀመሪያ የእኛን አይቶ ይጨርስ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ነቅለሽ አድይ! ደግሞ ለእኔ አንዲት ቅጠል እንኳን አለማስቀረትሽ! አጥር ለአጥር ሆነን! ምን አድርጌሽ ነው፣ እታፈራሁ?"

እታፈራሁ ተስፈንጥራ ተነሳችና ማርሊስን ጥምጥም አለችባት። በቆሸሸ እጇ ትከሻዋን ይዛ፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ጉንጯን ሳመቻት።

"ማሚ" አለች ሮሆቦት እጅጌዋን ጎትታ በሹክሹክታ፣ "ሺ ኢዝ ሪሊ ማድ አት ዩ።"

"እየሰማሁ እኮ ነው" አለች እታፈራሁ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። "አስራ አራት ዓመት ሙሉ ፈገግ ስትልልኝ ኖረች። ተቆጥታኝ ግን አታውቅም ነበር። ዛሬ ገና ጎረቤት ሆንን።"