የአዴ ሶፊያ ጠገራ ብር

ይህን ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ብዙ ጉዴን ሰምተዋል፤ እርጥብ ቡና ከደረቅ ቀላቅዬ መሸጤን፣ ጆንያ ሥር ድንጋይ መክተቴን፣ በፆም ቀን ሊሙ ገነት ላይ ሥጋ መብላቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ። ለድንጋዩ ስግደት አዘዙኝ፤ ለሥጋው ደግሞ ከድንጋዩ የሚበልጥ ስግደት አዘዙኝ፤ ሳልከራከር ሰገድኩ። ይህቺን ግን ደብቄ ያዝኳት። ለምን? አፍሬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ሌላ ነው፤ እኮራባት ነበር። ሰው የሚኮራበትን ነገር ምን ብሎ ይናዘዛል?

እንግዲህ እናንተ የምታነቡትም የምትሰሙትም የነፍስ አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስግደት ብቻ አትዘዙብኝ፤ ጉልበቴ አልቋል።

ወልዴ እባላለሁ። ጅማ ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ ሱቅ አለኝ፤ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ እሸጣለሁ፣ ቡና እገዛለሁ። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ የተጻፈ የነጋዴ ስም እያነበብኩ ነው። ብርን ግን ከተማረው ሁሉ በላይ አውቃለሁ። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ የወረቀት ብር ከመጣ ቆይቶ ነበር፤ የቡና አገር ሰው ግን ጠገራውን አልለቀቀም ነበር። ወረቀት አይጥ ይበላዋል፣ ጠገራ ግን ቤት ቢቃጠል እንኳ ከአመድ ውስጥ ይለቀማል ይላል። ጠገራን የማያውቅ ካለ፣ ጉንጯ ሞላ ያለ የፈረንጅ ንግሥት ተከናንባ የተቀረጸችበት ትልቅ የብር ገንዘብ ነው። በራሷ ጌጥ ላይ ነጥቦች ተደርድረዋል። ነጥቦቹ ተሻሽተው ከጠፉ ገበያ አይቀበላትም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በጥፍሬ እቆጥራቸው ነበር። ድንጋይ ላይ ጣል ሳደርጋት ደግሞ ቆርቆሮ የገባባትን ከድምጿ እለያለሁ። አጋሮ ገበያ ሁለት ሰው በብር ሲጣላ "ወልዴ ይያት" ይባል ነበር። ወልዴ ደህና ናት ካለ ደህና ናት። በዕድሜዬ አንድም ሰው የውሸት ብር አስይዞኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

ከንግዴ ለይቼ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የማስቀምጣቸው ነበሩኝ። አዲስ ብቻ። የጃንሆይ መልክ ያለባቸው ሳንቲሞች ከባንክ ከረጢት እንደወጡ፣ የሰው እጅ ሳያገኛቸው እለቅማለሁ። ጠገራም ከሆነች የንግሥቲቱ ቅንድብ እንኳ የሚታይ መሆን አለበት። እሁድ እሁድ በጨርቅ እወለውላቸዋለሁ። ሚስቴ "እኔን እንዲህ አይተኸኝ አታውቅም" ትላለች፤ አልዋሸችም።

አንድ ቀን ቆርቆሮዬን ይዤ ሙሴ ያኒ ዘንድ ሄድኩ። ሙሴ ያኒ ጅማ የከረመ ግሪካዊ ቡና ገዢ ነው፤ እሱም ይሰበስባል። ሳንቲሞቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ክፍሉ በራ። አንዱን አንሥቶ ገለበጠና መለሰው።

"ይሄ ትናንት ተወለደ" አለኝ በዚያ አማርኛው። "የትም አልሄደ። ምንም አላየ። ወልዴ፣ አንተ ባንክ ነህ። ባንክ ደግሞ ካንተ ይበልጣል።"

ቡና የሚለቅሙለት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ የራሱን አወጣ። ሁሉም ያረጁ፣ የተፋቁ፣ ጠርዛቸው የተበላ፤ እኔ በገበያ በግማሽ ዋጋ እንኳ የማልነካቸው። እያንዳንዱን ጣቱ ላይ አድርጎ ከየት እንደመጣ፣ ማን አንገት ላይ እንደነበር ያወራል። እኔ ወልዴ፣ ገበያ ላይ "ይያት" የሚባልልኝ ሰው፣ እንደ ተማሪ ቆሜ አዳመጥኩ። ሳቁን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ያ ሳቅ ሳይበርድ ነው አጋሮ የወረድኩት። እዚያ አባ ቢያ የሚባል የቡና ደንበኛ ነበረኝ፤ ደንበኛ ብቻ አይደለም፣ ዝናብ ሲይዘኝ ቤቱ የማድር ወዳጄ ነው። ሚስቱ አዴ ሶፊያ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ራቢያ ልትዳር ነው፤ የመጨረሻው ጀማል ገና ይጠባል። አዴ ሶፊያ ከአንገቷ ላይ ጠገራ ብር አወረደች። የምትንጠለጠልበት ጆሮዋ ተሰብሯል። በቀይ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።

"ወልዴ ወንድሜ፣ ሰርጉ ሳይደርስ ሄርማታ ካለው አንጥረኛ አስበይድልኝ። ማሎ፣ አደራ። ራቢያ አንገቷ ላይ አስራት ነው የምትሄደው።"

ከፈት አድርጌ አየኋት። ንግሥቲቱ የለችም። አፍንጫ የለ፣ ነጥብ የለ፣ በጉም ውስጥ እንደሚታይ ሰው ጥላ ብቻ ቀርቷል። ጠርዟ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቶ፣ ሊያልቅ እንደደረሰ ሳሙና ለስልሷል። እንዲህ ያለ ጠገራ አይቼ አላውቅም። ምን እንዲህ አሻሻት ብዬ ጠየቅሁ።

"ሕፃን ነው" አለች አዴ ሶፊያ እየሳቀች። "እኔ በእናቴ ደረት ላይ እሷን ጨብጬ ነው የጠባሁት። እናቴም በእናቷ ደረት። ይሄው ጀማልም ካልያዛት አይጠባም። እሱ ጡት እስኪጥል ራቢያ ባትዳር ደስ ይለኝ ነበር፤ ባልየው ግን ቸኮለ።"

ያን ጊዜ የታየኝ ምንድን ነው? የራቢያ አንገት ነው? አይደለም። የሙሴ ያኒ ጠረጴዛ ነው የታየኝ።

አንጥረኛው "ይቺማ አልቃለች፣ ላቅልጣት?" አለኝ። ብዙ ዓመት ይህን ቃል እንደ ምርኩዝ ይዤው ኖሬያለሁ፤ እኔ ባልወስዳት አንጥረኛው ያቀልጣት ነበር እያልኩ። ውሸት ነው። አንጥረኛው በይድ ያሉትን ይበይዳል። እኔ ነኝ የወሰድኳት። ከብስኩት ቆርቆሮዬ አንዲት የምታበራ ጠገራ አወጣሁ፣ ለእሷ ጆሮ አስበየድኩላት፣ በዚያው ቀይ ጨርቅ ቋጠርኳት። አሮጌዋን ኪሴ ከተትኩ። እኔ፣ በገዛ እጄ።

ደግሞ ስስታም አይደለሁም፤ የሰጠኋት በገበያ ዋጋ ከእሷዋ ትበልጣለች። ነጥቦቿ ሙሉ ናቸው። በልቤ "ይኸው አተረፈች" አልኩ። ነጋዴ ሲሰርቅ እንኳ ለሌላው ትርፍ ያሰላል።

አጋሮ ይዤላቸው ስሄድ አባ ቢያ በር ላይ ተቀበለኝ። ጨርቁን ፈታው።

"ማሻአላህ! ምን አደረግሃት?"

"አንጥረኛው አጠባት። የዘመናት እድፍ ነው የሸፈናት፤ ሲለቅ ፊቷ ወጣ።"

አያችሁ? የተፋቀ ፊት በመታጠብ እንደማይመለስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። በብር ነገር ደግሞ ቃሌን የሚጠራጠር አልነበረም። ያ ስም ነው የሰረቃቸው፤ ወልዴ ካለ አለ ነው የሚለው ስም።

አባ ቢያ ለጎረቤት ሊያሳያት ወጣ፣ ተመለሰ፣ አዴ ሶፊያ አንገቷ ላይ አሰረቻት። ጀማል ለመጥባት አለቀሰ። ታቀፈችው። እጁን እንደ ልማዱ ሰደደ፣ ጨበጣት፣ ወደ አፉ ወሰዳት። የአዲስ ጠገራ ጠርዝ ሻካራ ነው። ለቀቃት። እንደገና ያዛት፣ እንደገና ለቀቃት፤ ከዚያ ጡቱንም ትቶ ጮኸ። ጠገራዋን እየገፋ ጮኸ። እናቱ ወደ ጀርባዋ ስታዞራት ደግሞ ባዶውን ቦታ እየዳበሰ ጮኸ።

በዕድሜዬ ማንም የውሸት ብር አላስያዘኝም ብያችኋለሁ። እኔንም የውሸት ብር ሳስይዝ የያዘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጥርስ አልነበረውም።

አዴ ሶፊያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ወንድሜ፣ አንጥረኛው ሲያጥባት አጠገቡ ነበርክ?"

"ዓይኔ እያየ።"

"ዓይንህ እያየ።"

"ማርያምን" አልኳት።

አላስማለችኝም። ማንም ማል ሳይለኝ ነው የማልኩት። ልጁን እያባበለች ወደ ጓዳ ገባች። እኔም የቀረበልኝን ገንፎ እስከ ቅቤው በላሁ።

በማግስቱ ልነሣ ስል በበቅሎዬ ኮርቻ ላይ ቀይ ጨርቅ አስቀመጠችልኝ። ባሏ ከጎናችን ቆሞ ጭነት ያጠብቃል። "ይህን ረስተህ ልትሄድ ነው" አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከከተማው ወጥቼ ፈታሁት። የኔዋ፣ የምታበራዋ ናት።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ጮኬ ገበያ እሰበስብ ነበር። ወይም ዝም ብዬ የምታበራዋን በልጄ አንገት አስሬ ድግሱን እወጣ ነበር፤ ማን ያውቃል? እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። የሰው ብር በልጇ አንገት አላሰረችም፣ የእንግዳዋንም ስም አላነሣችም። "ወንዝ ላይ ልብስ ሳጥብ ጣልኳት" አለች። አባ ቢያ ብዙ ጊዜ አኮረፋት። ሰርጉ ላይ ነበርኩ፤ ራቢያ ባዶ አንገቷን ስትወጣ ከባልየው ወገን አንዷ ሴት ሁሉም በሚሰማው ድምፅ "እናትየው ለድግሱ ምን እንደሸጠች እንግዲህ ታወቀ" አለች። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ጠገራዋ ጅማ፣ ሳጥኔ ውስጥ ነበረች። ለክርስቲያን እንግዶች የታረደውን ሥጋ አላመጥኩ።

ከሰርጉ በኋላ ሙሴ ያኒ ዘንድ ሄድኩ። አሮጌዋን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ቆቡን አወለቀ። አልሳቀም። በመስኮቱ ብርሃን አገላበጣት፣ ጉንጩ ላይ አደረጋት፣ "የማን ናት?" አለኝ።

"የአያቴ።"

ግዛ ብለው ሱቁን ይሰጠኝ ነበር። አልሸጥኩለትም። ጅማ ውስጥ ከዚያ ቀን በላይ ራሴን ቀና አድርጌ የሄድኩበት ቀን የለም። እግዚአብሔር ይወቅልኝ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ያ ቀን ደስ ይለኛል። ይህን ካልተናገርኩ ኑዛዜዬ ግማሽ ነው።

ዓመታት ሄዱ። ሙሴ ያኒ አገሩ ገባ። አባ ቢያ ሚስቱ ጠገራዋን እንደጣለች እያመነ ሞተ። ባለፈው ክረምት ደግሞ አዴ ሶፊያ ዐረፈች፤ አጋሮ ለቅሶ ደረስኩ። ሰዎች ሲያነሣሷት ደግነቷን አወሩ፣ እጇ ሰፊ እንደነበረ አወሩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት "ምስኪን፣ የእናቷን አደራ ወንዝ የጣለች" አለች፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሙሉ ሕይወቷ ያን ነበር የያዙባት። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። የመጀመሪያውን ጥፋት የሠራሁት በኩራት ነው እንበል። ይህን ሁለተኛውን ምን እንበለው?

ሣልስቱ እንዳለፈ ጠገራዋን ይዤ ራቢያ ቤት ሄድኩ። ፀጉሯ ሸብቷል። ብቻዋን ስትሆን ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት። አልዋሻችሁም፣ እየተናገርኩ እንኳ በራሴ ትንሽ ተደንቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ማን ይመልሳል እያልኩ። እንዲያውም መላ አቀረብኩላት።

"ከእናትሽ ሣጥን ሥር ተገኘች በይ" አልኳት። "ማንም አይጎዳ።"

ራቢያ ጠገራዋን ተቀብላ ጨበጠቻት። ዓይኗን ጨፈነች። በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፣ ብዙ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"ጋሽ ወልዴ፣ እናቴ ጣለች ተብላ ኖረች። አሁን ደግሞ ደብቃ ነበር ልበልልዎት?"

መላዬን መልሼ ወሰድኩ። 

"ብሩ መጣ" አለች። "የእናቴ ስምስ?"

ለዚህ ነው ይኸው የምጽፈው። ይህን ወረቀት መጪው ሐሙስ አጋሮ ገበያ፣ "ወልዴ ይያት" ይባልልኝ በነበረበት ቦታ፣ ቆሜ አነበዋለሁ፤ ለቅሶው ላይ የነበሩትን ሴቶች ራቢያ ትጠራለች። ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታ የምትሰጠኝ ሴት የለችም፣ ከሌላ ሰው ደግሞ የእሷን ዕቃ አልገዛም። የዋህ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። የምታበራዋ ጠገራ አሁንም በቀይ ጨርቋ እኔ ጋ ናት። ይህን ሁሉ ዓመት በአውራ ጣቴ ሳሻት ኖሬያለሁ፤ ነጥቦቿ ዛሬም አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

እኔ ወልዴ ነኝ የወሰድኳት። አዴ ሶፊያ ምንም አልጣለችም።