የመርከብ ቋጠሮ

ልብስ ላሰጣ ገመድ ባሰርኩ ቁጥር እጄ ራሱ የሚያውቀው አንድ ቋጠሮ አለ። ያስተማረኝ አያቴ ነው፤ ቦታውም ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከመሬት የበቀለ ከሚመስል ወፍራም የዛገ ብረት አጠገብ።

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ወደ ባሮ ነበር። የሳሙናና የዓሣ ሽታ ከሩቅ ይቀበለኛል። አያቴ እዚያ አይታጣም። በወጣትነቱ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ገመድ ሲወረውሩ ቀልቦ እዚያ ብረት ላይ የሚያስረው እሱ ነበር። ሌላው አገር በክረምት መንገድ ሲዘጋበት የእኛ ከተማ ያኔ ነበር የሚከፈተው፤ ወንዙ ካልሞላ መርከብ አይገባማ። ጨውና ጨርቅ ይራገፋል፣ ከደጋ በበቅሎ የወረደ ቡና ይጫናል። ገበያው፣ ሱቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ የተሰበሰበው እዚያ ዙሪያ ነው። መርከቡ ከቀረ ዘመን ቢሆነውም አያቴ ሰኔ ሲገባ በብረቱ ዙሪያ ያለውን ሣር ያጭዳል። ከመጣ የት ይታሰራል ነው የሚለው።

ጠቡ ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር ነበር። ማስጫ ገመዳቸውን ብረቱ ላይ ያስራሉ፤ እሱ ይፈታል።

«ይሄ የመርከብ ነው፤ የቀሚስ አይደለም» ይላል።

«እሺ አባባ፣ መርከቡ ሲመጣ እናነሳለን» ትለዋለች የአጣቢዎቹ አለቃ አሪየት። ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔ በእሱም በእነሱም እናደድ ነበር።

አንድ ቀን ቁራሌዎች ጋሪና ዲጅኖ ይዘው መጡ። የማስጫውን ገመድ ፈተው ጣሉት። አያቴ ሄዶ ብረቱ ላይ ተቀመጠ።

«አባት፣ የማንም አይደለም፣ ይነሱ» አሉት።

ስለ መርከቡ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ሲናደድ ግን አማርኛው ይጠፋበታል። ክንዱን ይዘው ሊያነሱት ሲሉ አሪየት ውሃ የሚያንጠባጥብ ብርድ ልብስ ተሸክማ መጣች።

«ብረቱን ውሰደው» አለችው ዲጅኖ የያዘውን። «ከዚያ ልብሱን አንተ ላይ እናሰጣለን። እዚሁ ቁምልን።»

ሌሎቹ አጣቢዎችም ከበቡት። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

ከሴቶቹ ስለ ታሪክ ያሰበች የለችም፤ ያሳሰባቸው ማስጫቸው ነው። አያቴም ይሄ ገብቶታል። የተጣለውን ገመድ አንስቶ ራሱ ብረቱ ላይ አሰረላቸው፣ በመርከብ አሳሰር።

«የእናንተ ይላላል» አላቸው እንዳኮረፈ። ከዚያ ለእነሱም ለእኔም ቀስ አድርጎ አሳየን።

አሁን አያቴ የለም። አስፋልቱ፣ ባጃጁ፣ ቢሮው፣ ሆቴሉ መጥቷል፤ ጥሩ ነው፣ ጭቃ የሚናፍቅ ሰው የለም። ስለ ከተማዋ ዕድገት ሲወራ ግን ወንዙን የሚያነሳ አልሰማም። ባለፈው ክረምት ወረድኩ። ሣሩ ብረቱን ሊውጠው ደርሷል። አንዲት የማላውቃት ልጅ ማስጫ ገመድ ታስራለች፤ ቋጠሮው የአያቴ ነው። ማን እንዳሳያት ጠየቅኳት።

«እናቴ። እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስረው» አለችኝ፣ ይሄም ይጠየቃል በሚል ዓይን።

ጎንበስ ብዬ እንደ አያቴ በብረቱ ዙሪያ ያለውን ሣር መንቀል ጀመርኩ።