የእህቴ የጥጥ መዳመጫ

ልጆች፣ ስለ ታላቅ እህትሽ ንገሪን አላችሁኝ። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ሱቃችን በር ላይ ባዶ ወንበሯን ሳይ ዛሬም ቅናቴ አልለቀቀኝም። አገር ቤት የጥጥ እርሻ ስንሠራ፣ ጥጡን ከፍሬው ለመለየት በድንጋይና በብረት ዘንግ መዳመጥ ቢሰለቻት ከእንጨትና ከብስክሌት ጥርስ መዳመጫ ሠራች። እንግዳ ሊያየው ሲመጣ፣ «ቆዩ፣ ታናሼ ትምጣ» ትላለች። የማዞረው እኔ፣ የምትሞገሰው እሷ!

«ክንዱ የኔ፣ ሙገሳው ያንቺ፤ አይደል እትዬ?»

«አዙሪ ባክሽ፣ ቀናተኛ!» ትስቃለች።

አኩርፌ ካገር ወጣሁ። አገር ላገር ዞሬ ጆበርግ ስገባ እሷም ኋላ ተከትላኝ መጣች፤ የመዳመጫውን ነገር ግን አንስተን አናውቅም። አሁን ለቅሶዋ ላይ አንድ ያገራችን ሰው ስሜን ሲሰማ ደነገጠ። ለካ ያንን መዳመጫ እዚያ እስከ ዛሬ በእኔ ስም ይጠሩታል፤ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት።