የባለቤቴ ይቅርታ

በር ሲንኳኳ ቶሎ አልከፍትም። ልጆቼ ጆሮዬ የደከመ መስሏቸው ይጨነቃሉ። እኔ ግን የምጠብቀው ነገር አለ። አንኳኪው እጁን ከበሩ ሳያነሳ፣ ከመስኮቱ ሥር ከነበረው ወንበር በኩል «ይቅር ብያለሁ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ወንበሩ ከተጣለ ቆይቷል፤ የሚቀመጥበትም ሰው ከተቀበረ ቆይቷል። ድምፁ እስኪያበቃ እጠብቅና እከፍታለሁ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ላይ «የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሰላም ሰው ነበሩ» ተብሎ ሲነበብ ቆሜ ስለሰማሁ ነው። ለቀስተኛው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። በአፌ ዕድሜዬን ሙሉ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ስለው ኖሬያለሁ። እዚህ ላይ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ያን ጊዜ ከተማችንን አዳማ የሚላት ጥቂት ሰው ነበር፤ ናዝሬት ነበረች። ገበያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ነበረው። አብዮቱ ለሌላው ምን እንዳመጣለት አላውቅም፤ ለእኛ ካኪ አመጣልን። የቀበሌ ሹሙም፣ ካድሬውም፣ ካድሬ መምሰል የፈለገውም ካኪ ያሰፋ ነበር። ባለቤቴ እያንዳንዱን እንደ ሠርግ ልብስ ተጠንቅቆ ይሰፋና ሰውየው ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ተናግሮ ያስቀኝ ነበር። የተናገረውን አልጽፈውም።

ይቅር ባይ ሰው አልነበረም። ይህ በደንብ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የበሰበሰ ክር የሸጠለትን ነጋዴ ሰላም ሳይለው ዓመታት ኖሯል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ባለቤቴ ነበር ወደ ማዶ የሚሻገረው። እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ ተስማምተን ኖርን።

አንድ ቀን የተሰፋ ልብስ ለቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ሊያደርስ ሞጆ ሄደ። ሞጆ አሁን ደረቅ ወደብ ተሠርቶባታል፤ ያኔም የካሚዮን ማደሪያ ነበረች። ልብሱን አስረክቦ አውቶቡስ ሊጠብቅ መንገድ ዳር ቆመ። ከአርሲ ነገሌ እህል የጫነ የመንግሥት ድርጅት ካሚዮን መጥቶ አጠገቡ ቆመ። ሾፌሩ የስፖንዳውን መቀርቀሪያ በደንብ አልዘጋውም ነበር። ያ የካሚዮኑ የጎን ብረት ተከፍቶ ወርዶ ባለቤቴን ጭንቅላቱን መታው።

ብዙ አልደማም፤ ከጆሮው ብቻ ትንሽ። ሆስፒታል ራሱን ሳያውቅ ሰነበተ። ሲነቃ ሁሉም እግዜር አተረፈው አለ። እኔም ብያለሁ። ቤት ሲገባ መልኩ ያው ነው፣ አካሄዱ ያው ነው፣ ፂሙን ሲላጭ አንገቱን የሚያዞርበት እንኳ ያው ነው። ከዚያ ሱቁን ሊከፍት ወጥቶ ጠፋብኝ። ከቤታችን እስከ ገበያው አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው ያለው። ሰዎች ከአውቶቡስ መናኸሪያ ይዘውት መጡ። ሌላ ቀን ለአንድ ሰው ኮት ጨርቅ ዘርግቶ መቁረጥ ጀመረ፤ አንዱን እጅጌ ቆረጠ፣ ሌላም እጅጌ ቆረጠ፣ ጨርቁ እስኪያልቅ እጅጌ ብቻ ቆረጠ።

ከሁሉም የከፋው ግን ለሁሉ ነገር እሺ ማለቱ ነበር። ቁጣው ጠፋ። ክር የሸጠለት ነጋዴ ሊጠይቀው ሲመጣ እጁን ይዞ ፈገግ አለለት። ነጋዴው ተደስቶ ሄደ። እኔ ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

ሾፌሩ ታስሮ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የባለቤቴ ወንድም ሽማግሌዎች ይዞ ደጃችን ቆሞ አገኘነው። እሱ ያኔ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ነበር። ከሽማግሌዎቹ መሐል የሾፌሩ አባት ነበሩ፤ ከአርሲ ነገሌ ድረስ የመጡ፣ ረጅም፣ የእርቅ ምልክት የሆነ እርጥብ ሣር በእጃቸው የያዙ የኦሮሞ ሽማግሌ። «አካም ጅርቱ፣ ልጄ» ብለው ሰላም አሉኝና ቤት ገብተው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ጥፋቱ የልጄ ነው። ብረቱን አልቆለፈም። እኛ ዘንድ ሰው ሲጎዳ ጉማ አለ፤ ጥፋተኛው ወገን ለተጎዳው ከብት ይሰጣል፣ ከዚያ ነው እርቅ። የእኛን ድርሻ ይዘን እንመጣለን። የመኪናው ጌታ ደግሞ የራሱን ይጨምር።»

«አባባ፣» አለ የባለቤቴ ወንድም፣ «የመኪናው ጌታ ሰፊው ሕዝብ ነው። እኛም ደማችንን በከብት አንሸጥም። ክርስቲያኖች ነን፣ ይቅር ካልን ይቅር አልን ነው።»

«ያለ ጉማ እርቅ ሲሆን አላየሁም» ብቻ አሉ ሽማግሌው።

«እንግዲህ ዛሬ ያያሉ።» ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ወንድም ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር ትላለህ?» ታናሹን «ወንድም ጋሼ» የሚለው ሲፈልገው ብቻ ነበር።

«ይቅር ብያለሁ» አለ ባለቤቴ።

እልል የሚል ባይኖርም ቤቱ ሞቅ አለ። የሾፌሩ አባት ተንበርክከው ጉልበቱን ሳሙ፤ ከዚያ እዚያው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው ፊቱን ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ምን እንደደረሰብህ ታውቃለህ?»

«ይቅር ብያለሁ።»

«እኔ ማን ነኝ?»

«ይቅር ብያለሁ» አላቸው፤ በደስታ፣ እንደ ጥሩ ተማሪ።

ሣሩ ከእጃቸው ወደቀ። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰው እኮ አልዳነም፤ እያዩት» አልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜን በአደባባይ እብድ ልታሰኚው ነው?» አለና ከኮቱ ኪስ የተዘጋጀ ወረቀት አወጣ። «ምንም አይደለም፣ ለሾፌሩ መፈቻ ነው። የሰው ልጅ በእስር ይበስብስ?»

ባለቤቴ ፈረመ። ራሱ ባያስታውስም እጁ ያስታውስ ነበር፤ ፊርማው እንደ ድሮው አምሮ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከሥር ፈረሙ። ወረቀቱ በሾፌሩም «በድርጅቱም ላይ» ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም እንደሚል ያወቅኩት ኋላ፣ ፍርድ ቤት ሲነበብ ነው። የባለቤቴ ወንድም ከድርጅቱ ሰዎች ጋር በማን ቢሮ ምን እንደተባባለ የሰማሁት አለ። በዓይኔ ስላላየሁ አልጽፈውም። በዓይኔ ያየሁት ይበቃኛል፦ ልጁን ሊድር እየተዘጋጀ ነበር፤ «በዘራቸው የአእምሮ በሽታ አለ» እንዲባል አልፈለገም። የመንግሥት ድርጅት የከሰሰች የወንድም ሚስት አለችው እንዲባልም አልፈለገም።

ከሰስኩ። ፍርድ ቤቱ ደጅ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውን ጻፈልኝ። ጠበቃ የምይዝበት አቅም አልነበረኝም። ልጆቼን የማሳድግበት ካሣ ፈልጌያለሁ፤ አላፍርበትም። ግን ሌላም ነገር እፈልግ ነበር። ባለቤቴ መወሰዱ እንዲጻፍልኝ ነበር የምፈልገው። የሞተበት ሰው ይለቀስለታል፤ እኔን ሁሉም እንኳን ተረፈልሽ ነበር የሚለኝ።

የድርጅቱ ነገረ ፈጅ መነጽሩን እየጠረገ የሚናገር ቀጭን ሰው ነበር። የእርቁን ወረቀት አቀረበ። ዳኛው ነገሩን ሲያስረዱኝ አልተቆጡም፤ ሰው በሙሉ አእምሮው ከታረቀ እርቁ ይጸናል፣ እርቁ ይፍረስ የምትዪ ከሆነ ግን ባለቤትሽ ሲፈርም አእምሮው ትክክል እንዳልነበረ አስረጂ አሉኝ። ሐኪሙ የጻፈው ቁስሉ መዳኑን ብቻ ነበር። ስለዚህ ባልሽ ራሱ ባለበት፣ እየሰማ፣ አእምሮው ትክክል አይደለም ብለሽ አስመስክሪ ማለት ነው።

በቀጠሮው ቀን ራሱ የሰፋውን ግራጫ ሱፍ ተኩሼ አለበስኩት። ፂሙን ላጨሁት። ዳኛ ፊት ተጎሳቁሎ አይቀረብም፤ ያደግንበት ነው። ዳኛው ስሙን ጠየቁት፤ ተናገረ። ሥራውን ጠየቁት፤ «ልብስ ሰፊ» አለ። ይቅር ብለሃል ወይ አሉት። ያንን መመለስ አያቅተውም።

«ጌታዬ፣» አልኩ ተነሥቼ፣ «ያለበት ቦታ ምን እንደሆነ ይጠይቁልኝ።»

ዳኛው ፈገግ ብለው ጠየቁት። ባለቤቴ ዙሪያውን ቃኝቶ ዓይኑን በእሳቸው ላይ አሳረፈ። «የግራ ትከሻዎ ዝቅ ይላል» አላቸው። «ኮቱ ላይ ትንሽ ጥጥ ይግባበት። የሰፋልዎት ሰው ሳያይ ነው የሰፋው።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ትከሻቸውን ዳሰሱና ሳቁ። ነገረ ፈጁ፣ «ክቡር ዳኛ፣ እንዲህ ያለ አእምሮ እኔም ቢኖረኝ» አለ። ያኔ አለቀልኝ። በዚያ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሰበር የቀረች አንዲት ነገር ነበረች፤ እሷ መጥታ መሰከረችብኝ።

የሾፌሩ አባት እኔ ሳልለምናቸው ከአርሲ ነገሌ መጥተው መስክረዋል። «ይቅር አለኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ነው ይቅር ያለኝ። እኔ ይህንን ይቅርታ ይዤ ቤቴ አልገባሁም» አሉ። ነገረ ፈጁ ልጃቸው ተፈቶ እንደሆነ ጠየቃቸው። ተፈቷል አሉ። ሌላ አልጠየቃቸውም።

መጨረሻ የባለቤቴ ወንድም ቀረበ። እጁን አንሥቶ ማለ። «ወንድሜን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። አእምሮው ሙሉ ነው። ይቅር ያለው አውቆ ነው።» ይህን ሲል ባለቤቴ በኩራት ያየው ነበር። በፍርዱ ተሸነፍኩ። ይግባኝ ለማለት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኝ ነበር፤ ደብዳቤው በማን እጅ እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ዩኒፎርም እየሰፋሁ ልጆቼን አሳደግኩ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። በር ሲንኳኳ «ይቅር ብያለሁ» ይላል። ውኃ ስሰጠው ይላል። ዶሮ ሲገባ ይላል። ሌሊት በእንቅልፉ ሲለው ግን ድምፁ የድሮው፣ የቁጡው ሰው ድምፅ ነበር፤ ያንን ስሰማ ነቅቼ ስሙን እጠራዋለሁ። አንድም ቀን አልመለሰልኝም።

የወታደራዊው መንግሥት ሊወድቅ ሲቃረብ የባለቤቴ ወንድም በስኳር በሽታ ተዳክሞ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በከዘራ እየተደገፈ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር መጣ። ቄሱ ገና ሲገቡ ነገሩን ገለጹልኝ፤ ሊቆርብ ይፈልጋል፣ የበደለውን ሰው ይቅርታ ሳይቀበል ግን አይሆንም ብለውታል። ባለቤቴ ፊት ቆመ።

«ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ—»

«ይቅር ብያለሁ» አለ ባለቤቴ፣ ሳያስጨርሰው።

ቄሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «ይቅር ብያለሁ» አላቸው ለእሳቸውም። ከዚያ ነፋስ ለገፋው መጋረጃ አለው። እኔ ወንበር ላቀርብ ስነሣ ለወንበሩ አለው። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ልጄ፣» አሉት የባለቤቴን ወንድም ቀስ ብለው፣ «ወንድምህ የሚለውን አውቆ ነው?»

እኔን አየኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ እንድናገርለት ፈለገ። አውቆ ነው ቢል፣ ውሸቱን በመስቀል ፊት ሊደግመው ነው። አያውቅም ቢል፣ ያለ ይቅርታ መውጣቱ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል» አልኩት። «ፍርድ ቤት ምለው ተናግረው የለ።»

«አንቺ በይልኝ እንግዲያ» አለኝ፤ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «አንቺ ይቅር በይኝ።»

«እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አልኩና በሩን ከፈትኩላቸው። ቄሱ ቀድመው ወጡ። እሱ ከዘራው ደፉ ላይ ቢያደናቅፈው ጊዜ ቆመ። ከኋላችን ባለቤቴ ደጋግሞ ይለው ነበር፤ በጥሩ ስሜት፣ ለሚሄደውም ለሚቀረውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ቆርቦ እንደሆነ ግን አላውቅም። ቀብሩ ላይ ቄሱ ቆመው አይቻቸዋለሁ፤ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አላዩኝም። የሕይወት ታሪኩ ተነቦ ሲያበቃ ቤቴ ተመለስኩ። ቁልፌን በሩ ላይ አድርጌ፣ እንደ ልማዴ፣ ከውስጥ እስኪነገር ጠበቅኩ።