ካርታ ጠባቂው አጎቴ

አጎቴ የዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል የካርታ ክፍል ኃላፊ ናቸው። እኔንም እዚያው ጸሐፊ ሆኜ እንድቀጠር ያደረጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ማማቱ ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን ልማቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፋቸው አይጠፋም። ሻይ ሲጠጡ እንኳ ስኳሩን ቀምሰው ነው የሚጨምሩት።

ከመሬት ተነስተው ግን አይጠረጥሩም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ካርታ ጠቅልሎ በጃንጥላው ውስጥ ይዞ ወጣ። ለአጎቴ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው፤ አንድ ካርታ ደግሞ ቢጠፋ ከሥራ ይሰናበታሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ ብርቅ ብርቁን ካርታ አስቀድመው ይሸሽጋሉ።

ባለፈው ማክሰኞ አፍሪካን በአውቶቡስ የሚያቋርጥ ጡረተኛ የውጭ አገር መምህር መጣ። በደረሰበት አገር ሁሉ የጂኦግራፊ ክፍል ሳያይ አያልፍም አሉ። አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ሽርሽር የወጣ ሰው ሐይቅ ዳር ይቀመጣል እንጂ የኛ መደርደሪያ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

እውነት ለመናገር እኔም ጠረጠርኩ። ሰውዬው አንድ የድሮ የወንዝ ካርታ በማጉያ መነጽር ሰዓት ሙሉ ሲያይ፣ አጎቴ ከጀርባው ቆመው ከእጁ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

አመስግኖ እንደወጣ ቆጠሩ። ከብርቆቹ አንዱ፣ የድሮ የተራራ ካርታ፣ የለም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሮጠው የግቢው በር ላይ ደረሱበትና አስያዙት፤ ጥበቃዎቹም ተማሪው ሁሉ እያየ ሻንጣውን መሬት ላይ ዘረገፉት። ካልሲ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የሚስቱ ፎቶ። ሰውዬው ተንበርክኮ ለቃቀመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ካርታው ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ጠዋት አጎቴ ራሳቸው ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛ ሥር ሸሽገውት ነበር፤ ቦታው አላስተማመናቸው ብሎ እሱን ብቻ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የዓለም ካርታ ጀርባ ወሽቀውት፣ ረሱት። ሥራቸው ተረፈ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ።

«ነይ እንሂድ» አሉኝ ቆይተው። «ቋንቋውን አንቺ ትችያለሽ። ይቅርታ በይልኝ።»

ያረፈበትን ሆቴል ጠያይቀን በሩን አንኳኳን። ከፈተልን። አጎቴን ሲያይ ወደ ውስጥ ተመለሰና ሻንጣውን አመጣ፤ ዚፑን ከፍቶም እግራቸው ሥር አስቀመጠላቸው።