ከዲሹ ሥር የተቀመጠችው ርግብ

ታናሽ እህቴ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት ፅንሱ ሆዷ ውስጥ ሞተባት። ከሆስፒታል ስትወጣ ሃያ ሁለት ሰፈር ወዳለው የእሷና የባሏ ቤት መሄድ አልቻለችም፤ የሕፃኑ አልጋ ተገጣጥሞ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ነበር። ቦሌ አራብሳ ወዳለው የእኔ ኮንዶሚኒየም መጣች። ባሏ ጠዋትና ማታ ይደውላል። "ደህና ነኝ" ትለዋለች፤ ስልኩ ይዘጋል። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው "ጌታ ሌላ ይሰጥሻል" ሲሏት "አሜን" ትላለች። ከዚያ ሌላ ስለሆነው ነገር አንድ ቃል አልወጣትም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን በረንዳዬ ላይ፣ ከዲሹ ሥር፣ አንዲት ርግብ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ጣለች። አንድ ከሰዓት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ጎጆውን ጠርጎ ወሰደው። እንቁላሎቹ ታች ሲሚንቶው ላይ ተሰበሩ። ርግቧ በማግስቱ ተመልሳ፣ ጎጆው የነበረበት እርጥብ ብረት ላይ ክንፏን ዘርጋ አድርጋ ተቀመጠች።

አልፎ አልፎ ስለማየው ነገር እጽፋለሁና ስለ እሷም ጻፍኩ። ስለ ርግብ ብቻ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼ ሻይ ላፈላ ሄድኩ፤ ስመለስ እህቴ ስታነበው አገኘኋት።

"ይቺኛዋ ልክ አይደለችም" አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

"የቷ?"

"'ቤት እንደሚጠብቅ ዘበኛ' ያልሽው። ዘበኛ እኮ የሚጠብቀው ነገር አለው። እሷ ምን አላት?"

"ታዲያ ምን ትመስላለች?"

"እመጣለሁ ላላት ሰው ወጡን ደጋግማ የምታሞቅ ሴት። እንደማይመጣ ገብቷታል። ግን እሳቱን ካጠፋችው..."

እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

ሻዩን አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ያኔ ማውራት ጀመረች። ሕፃኗ ሴት እንደነበረች። ምን ብለው ሊጠሯት እንዳሰቡ። ሐኪሟ "በግራ ጎንሽ ተኚ" ብሏት ስለነበር እስከ አሁን በግራዋ ብቻ እንደምትተኛ፣ መገላበጥ እንደሚያስፈራት።

"ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?" አልኳት።

"እንዴት ብዬ ልንገርሽ? 'ልጄ ሞተች' ስል ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ይጣደፋል። ስለ ርግብ ሳወራ ማንም አይቸኩልብኝም።"

እቅፍ አድርጌያት አለቀስን። ከዚያ ዘበኛውን አጥፍቼ የእሷን ሴትዮ አስገባሁ። አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችውና "ለእሱ ላኪለት" አለችኝ።

ለባሏ በቴሌግራም ላክሁለት። አንብቦ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ደወለላት። ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

"ርግቧ አሁንም እዚያው ናት?"

"ዛሬ አላየኋትም" አለችው።

"እኔም እኮ ወጡን እያሞቅኩ ነው" አለ። ቀጥሎ፣ "ልምጣ?"

"ና" አለችው።

ቅዳሜ መጣ። ብርቱካን ይዞ በር ላይ ቆመ። እሷ ናት እጁን ይዛ ያስገባችው። እኔ ገበያ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ፣ ብርቱካን እየላጡ፣ አንዱ ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ እየጠበቀ ያወሩ ነበር። ለእኔም አንድ ላጡልኝ።