ጣሪያው ላይ ያለው መንገድ

ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። ዕድሜ ልኩን ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲኖር ቃሉ ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አንድ ቀን ግን አንድ ጡረታ የወጡ አስተርጓሚ ፓስፖርት ፎቶ ሊነሱ መጡና ክራቫታቸውን እያስተካከሉ፣ «ለመሆኑ ካሜራ ማለት ክፍል መሆኑን ታውቃለህ?» አሉት። ምን ሰይጣን እንደላካቸው እንጃ!

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም። ደንበኛ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ቁጭ ብሏል፤ የእኔ ጌታ ይተርካል። «ግሪኮች የጎበጠ ጣሪያን ካማራ አሉ። ላቲን ተቀበለና ካሜራ አለው፤ ትርጉሙም ከጣሪያው ወደ ክፍሉ ወረደ። ጣልያን ዛሬም ክፍልን ካሜራ ይላል፤ ፈረንሳይ ሻምብር፣ ጀርመን ካመር፣ እንግሊዝ ቼምበር። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች!»

«አንሳኝና ልሂድ በናትህ» ይላል ምስኪኑ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

እሱንስ ችዬው ነበር። ነገሩ የከረረው እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር ነው። የምትኖረው ወንድሜ ጋ ነው፤ እሱ ሥራ ውሎ እስኪመጣ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ትውላለች። እኛ ጋ ደግሞ ድሮ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለእማዬ ይለቀቅ አልኩት።

«አይሆንም! ካሜራ ማለት እኮ ያ ክፍል ነው! ድሮ ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ በትንሽ ቀዳዳ ነበር ውጭውን የሚያየው። እጄ ላይ ያለችው የልጅ ልጁ ናት።»

«እንግዲያው አያትየውን አስወጣና እናቴን አስገባ!»

ተኮራረፍን። በመጨረሻ የድሮ የፊልም ማጠቢያ ሳህኖቹን እያቃሰተ አወጣ።

እማዬ መጣች። ግን ቀና ማለት አትችልም፤ በጀርባዋ ነው የምትተኛው። መስኮቱ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ቢከፈትም ከሰማይ በቀር የሚታይ የለም። «ልጄ፣ የወንድምሽ ግድግዳ ሰማያዊ ነበር፣ የአንቺ ነጭ ነው። ሌላ ምን ተለወጠ? ቅዳሜ ይምጣና ይመልሰኝ» አለች። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባሌ ለቅሶዬን ሰምቶ ነው መሰለኝ ጥቁር ካርቶን ይዞ ገባና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ደፈነው።

«በቁሟ ልትቀብራት ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

እሱ ግን ካርቶኑን በእርሳስ ጫፍ በሳው። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምድ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። መንገዱ! ከታች የሚያልፈው ሰው፣ ብስክሌቱ፣ ውሻው፣ ሁሉም ከነቀለሙ ጣሪያችን ላይ ይሄዳል። ግን ተዘቅዝቆ ነው።

«ይቅርታ እማማ፣ ቀዳዳው ይገለብጠዋል። መስታወት ፈልጌ አቀናልዎታለሁ» አላት።

«መንገደኛውን ሁሉ ከምታቀና እኔን አታዞረኝም?»

ትራሷን ወደ ግርጌ አዞርነው። ሰፈሩ በእግሩ ቆመ።

ከዚያማ ማን ይቻላት! «ያቺ ቀይ ጫማ ትናንትም ከዚሁ ሰውዬ ጋር ነበረች» እያለች የሰፈሩን ወሬ ከእኔ ቀድማ ትነግረኝ ጀመር። ደንበኛ ሲጠፋ ባሌ ገብቶ ወለሉ ላይ አጠገቧ ይጋደማል። «እማማ፣ ጓደኛን በብዙ የአውሮፓ ቋንቋ ካምራድ የሚሉት እኮ ከዚሁ ቃል ነው። አንድ ክፍል የሚጋራ ማለት ነው።»

«ዝም በል፣ ሰው እያለፈ ነው» ትለዋለች።

ቅዳሜ ወንድሜ መኪና ይዞ መጣ። ተከትዬው ገባሁ። እማዬ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«ምነው እማዬ? አመመሽ?» አለ ደንግጦ።

«ስትመጣ አየሁህ። ከወደቅኩ ወዲህ አጠገቤ ስትቀመጥ እንጂ ስትራመድ አይቼህ አላውቅም እኮ። በል ውጣና አንዴ ተራመድልኝ።»

ሆዱ ከቀበቶው በላይ የፈሰሰ ትልቅ ሰው፣ ወጥቶ የመንገዱን ዳር ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። እማዬ ጣሪያው ላይ አፍጥጣ፣ «አካሄዱ ቁርጥ አባቱን!» ትላለች።

«እማዬ፣ ይበቃል?» ብሎ ከመንገድ ጮኸ።

«አይበቃም» አለች።